ፍራንሷ ፔሩ እና የእምድብር መንገድ

ክልል ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የአስተዳደር ካርታው ነው። የፈረንሳዩ ኢኮኖሚስት ፍራንሷ ፔሩ ግን ነገሩ ከዚያ ይሰፋል ብሎ አስተምሯል።

ፔሩ የተወለደው በ1903 እ.ኤ.አ. ነው። (ከዚህ በታች ስለ እሱና ስለ ፈረንሳይ የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ በሊዮን፣ ከ1937 ጀምሮ በፓሪስ አስተማረ። በጀርመን ወረራ ዘመን ከቪሺ መንግሥት ተቋማት ጋር መሥራቱ እስካሁን ያስወቅሰዋል። ከ1955 እስከ 1974 በኮሌዥ ደ ፍራንስ ፕሮፌሰር ነበር። በ1987 ዐረፈ።

በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ የኢኮኖሚ ቦታን በሦስት ከፈለው፦ ተመሳሳይ የሆነ፣ በኃይሎች መሳሳብ የተሳሰረ፣ በዕቅድ የተወሰነ። በ1955 ደግሞ የዕድገት ዋልታን ሐሳብ አቀረበ። ዕድገት በአንዴ በየቦታው አይታይም፤ ጥቂት ነጥቦች ላይ ይጀምርና በመስመሮች ይሰራጫል። ፈረንሳይ በ1960ዎቹ ፓሪስን እንዲያመዛዝኑ ስምንት የከተማ ማዕከላት ስትመርጥ አንዱ ሊዮን ነበር።

ታዲያ እምድብር የየትኛው ክልል ናት? በእንሰቱ ካየናት ከአካባቢው የጉራጌ ደጋ ጋር አንድ ናት። በሰውና በገንዘብ ፍሰት ካየናት ግን መርካቶ ይስባታል፤ ለመስቀል አገር ቤት የሚገባው ሕዝብ ምስክር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ዋልታው እስኪደርስላቸው አልጠበቁም፤ መስመሩን ራሳቸው ዘረጉ።

ይሄ የሚያኮራ ነው፤ የሚያሳስብም ነው። መንገድ የሚያሠራ ነጋዴ ከተማ ውስጥ የሌለው ወረዳ ምን ይሁን? ልማት በመዋጮ ብቻ ከሄደ ያለው ይጨምራል፣ የሌለው ይቀራል። ስለዚህ የፖሊሲ ሰው አስቀድሞ የትኛውን ዓይነት ክልል ይዞ እንደሚያቅድ መለየት አለበት። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቢሮዎቹ ወልቂጤንና ቡታጅራን ጨምሮ ለበርካታ ከተሞች ተከፋፍለዋል። ጅምሩ ጥሩ ነው። ግን በፔሩ ሐሳብ ከሄድን ቢሮ ብቻውን ዋልታ አይሆንም፤ ዙሪያውን የሚያንቀሳቅስ ሥራና የሚያደርስ መንገድ ያስፈልገዋል። እምድብር ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኪሷ ነው።