ጉስታቭ ኤፌል፣ በፍርድና በይግባኝ መካከል

የጉስታቭ ኤፌል ስም ሲነሣ በሁላችንም ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው በፓሪስ ከተማ የቆመው የብረት ማማ ነው። ይሁን እንጂ ማማው በተመረቀ አራት ዓመት ሳይሞላ መሐንዲሱ በወንጀል ተከሶ ሁለት ዓመት እስራት እንደ ተፈረደበት ከሙያ ባልደረቦቻችን መካከል የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤፌል በ1832 በዲዦን ተወለደ። በ1855 በፓሪስ ከሚገኘው ኤኮል ሳንትራል ተመርቆ በድልድይ ሥራ ተሰማራ። በ1877 በፖርቱጋል የዱሮን ወንዝ 160 ሜትር በሚዘል ቅስት ተሻገረ። በ1884 የተጠናቀቀው የጋራቢ ድልድይም ቅስቱ 165 ሜትር ነው። በኒው ዮርክ ወደብ የቆመውን የነጻነት ሐውልት ከውስጥ ሆኖ የሚሸከመው የብረት አጽምም የእርሱ ሥራ ነው።

መከራው የመጣበት በፓናማ በኩል ነው። ፈርዲናን ደ ሌሴፕስ የመራው የቦይ ኩባንያ በ1881 ሥራ ሲጀምር ያቀደው በባሕር ወለል ልክ የሚቆፈር ቦይ ነበር። ዕቅዱ እንደማይሳካ በታወቀ ጊዜ፣ በ1887 መጨረሻ፣ ኤፌል መርከቦችን ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ባለመዝጊያ ገንዳዎችን ለመሥራት ተዋዋለ። ኩባንያው ግን በ1889 መጀመሪያ ፈረሰ፤ እጅግ ብዙ ትንንሽ ቆጣቢዎችም ጥሪታቸውን አጡ። የሕዝቡ ቁጣ ውሎ አድሮ ሥራ ተቋራጩንም ደረሰበት።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1893 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በደ ሌሴፕስና በልጁ በሻርል ላይ የአምስት አምስት ዓመት እስራት በየነ። ኤፌልንም በአደራ የተቀበለውን ገንዘብ ያለ አግባብ አውሏል በማለት የሁለት ዓመት እስራትና የ20,000 ፍራንክ መቀጫ ፈረደበት። ጉዳዩ ከመነሻው በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የታየ በመሆኑ የቀረው በር የሰበር አቤቱታ ብቻ ነበር።

የዘመኑ የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ እስራት የተፈረደበት ሰው የሰበር አቤቱታው እንዲታይለት አስቀድሞ እጁን ለእስር እንዲሰጥ፣ አለዚያም በዋስ ወይም ያለ ዋስ ከዚህ ግዴታ የሚያወጣው የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዝ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ያላሟላ ሰው አቤቱታው ሳይመረመር ይወድቅበታል። ኤፌል ለአራት ወራት ያህል ከእስር ውጪ ከቆየ በኋላ ጉዳዩ የሚሰማበት ቀን ሲቃረብ እጁን ሰጥቶ ኮንሲየርዥሪ በተባለው እስር ቤት አንድ ሳምንት ያህል ታሰረ። ጁን 15 ቀን 1893 የሰበር ችሎቱ ክሱ በይርጋ የታገደ መሆኑን አረጋግጦ ፍርዱን ሻረ፤ ኤፌልም ወጣ።

የተሻረው ፍርድ በይርጋ እንጂ በፍሬ ነገሩ እንዳልሆነ መሸሸግ አይገባም፤ ገንዘባቸውን ያጡት ሰዎችም በዚያ ውሳኔ የተመለሰላቸው ነገር አልነበረም። ቢሆንም፣ ኤፌል ከፍርዱ ቀን ጀምሮ ታስሮ ቢሆን ኖሮ፣ በኋላ በተሻረ ፍርድ ምክንያት የታሰረባቸውን አራት ወራት ማንም ሊመልስለት ባልቻለም ነበር።

ከተፈረደ በኋላ የሚጠየቅ ዋስትና ከፍርድ በፊት ከሚጠየቀው ይለያል፤ የተፈረደበት ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠር ጋሻው ተነሥቶለታልና። ስለዚህ በብዙ አገሮች ዳኞች ሰውየው ይጠፋ እንደሆነ፣ ለሌሎች አደጋ ይሆን እንደሆነ፣ ይግባኙም እውነተኛ መከራከሪያ ያለው እንደሆነ ይመዝናሉ። እኛ መሐንዲሶች ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ የምንላቸውን ጠንቅቀን እናውቃለን። በጊዜያዊ ርክክብ ሥራው ተቀባይነት ያገኛል፤ ጉድለቱ የሚታይበት ጊዜ ግን ገና አልተዘጋም። ይግባኝ የተባለበት ፍርድም እንዲሁ ነው፤ የጸና ቢመስልም አልተዘጋም።

ኤፌል ከዚያ በኋላ ከኩባንያው አመራር ርቆ ለምርምር ተሰጠ። ከማማው ላይ ልዩ ልዩ ቅርጾችን እየጣለ የአየርን ግፊት ለካ፤ በ1909 በማማው ግርጌ፣ በ1912 ደግሞ በኦቶይ የነፋስ መፈተኛ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ለሃያ ዓመት ብቻ የተፈቀደለት ማማም በሬዲዮ ቴሌግራፍ ጥቅሙ ከመፍረስ ዳነ። ኤፌል በ1923 በ91 ዓመቱ ዐረፈ።

እርሱን ለአንድ ሳምንት ያሳሰረው ደንብ ግን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1998 በስትራስቡር የሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ አንድ ሰው እጁን ለእስር ስላልሰጠ ብቻ የሰበር አቤቱታውን ሳያዩ መጣል ፍትሐዊ እንዳልሆነ ወሰነ። ፈረንሳይም ደንቡን በ2000 ባወጣችው ሕግ ሰረዘችው፤ የሕጉም ቀን ጁን 15፣ ኤፌል የተፈታበት ዕለት ነበር። ስመ ጥሩው መሐንዲስ ሳምንቱን በትዕግሥት አሳለፈ፤ ስምም ጠበቃም የሌለው ሰው ግን በዚያ ደንብ ፊት ከነጻነቱና ከአቤቱታው አንዱን መምረጥ ነበረበት። ፍርድ ቤት ሲሳሳት የሚያርመው ይግባኝ ነው፤ ይግባኝም ዋጋ የሚኖረው ቅጣቱ ሳይቀድመው ሲቀር ነው።