ሮዛሊንድ ፍራንክሊን፦ የለንደኗ ሳይንቲስት

ልጆች፣ በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ታሪክ አምዳችን የምታገኟት ሴት እዚሁ እኛ በምንኖርበት በለንደን ተወልዳ ያደገች ናት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ጁላይ 25 ቀን 1920 ኖቲንግ ሂል ውስጥ ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሳይንስ ትወድ ነበር። በ1938 ካምብሪጅ ገብታ ተማረች። በዚያን ጊዜ ግን ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ አይሰጥም ነበር፤ የተሰጣቸው ገና በ1948 ነው። እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በጦርነቱ ዘመን ስለ ድንጋይ ከሰል ተመራምራ በ1945 ዶክተር ሆነች። ከዚያ ፓሪስ ሄዳ በራጅ የጥቃቅን ነገሮችን ቅርጽ ማጥናት ተማረች።

በ1951 ተመልሳ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ገባች። ሥራዋም ዲ ኤን ኤን በራጅ ማንሳት ነበር። በ1952 ከተማሪዋ ከሬይመንድ ጎስሊንግ ጋር ያነሱት ፎቶ 51 የሚባለው ሥዕል የዲ ኤን ኤን ጥምዝምዝ ቅርጽ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። የሥራ ባልደረባዋ ሞሪስ ዊልኪንስ ሥዕሉን እሷ ሳታውቅ ለጄምስ ዋትሰን አሳየው። በኤፕሪል 1953 ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ የዲ ኤን ኤን ቅርጽ ለዓለም አስታወቁ። የእሷም ጽሑፍ በዚያው መጽሔት ወጣ፤ ስሙ የገነነው ግን የነሱ ነው።

እሷ ወደ በርክቤክ ኮሌጅ ሄዳ ቫይረሶችን ማጥናት ቀጠለች። ካንሰር ይዟትም ሥራዋን አልተወችም። ኤፕሪል 16 ቀን 1958፣ ገና በ37 ዓመቷ አረፈች። በ1962 ሦስቱ ወንዶች የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ እሷ በሕይወት አልነበረችም፤ ኖቤል ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ድካም ምን ጠቀመን? ዲ ኤን ኤን እንደ አንድ ትልቅ መዝገብ አስቡት። የቆዳችሁም የጉበታችሁም ሕዋስ የያዘው መዝገብ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የትኛው ገጽ ተከፍቶ የትኛው ተዘግቷል የሚለው ነው። መዝጋቱን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ የሚዘጋውን ገጽ ፈልጎ ጣቱን ያሳርፍበታል። ኮሪፕሬሰር የሚባለው ረዳቱ ደግሞ ራሱ ዲ ኤን ኤውን ሳይዝ፣ ያንን ፕሮቲን ተደግፎ ገጹ ጥብቅ ብሎ እንዲጠቀለልና እንዳይነበብ ያደርጋል። ሕፃን በእናቱ ማህፀን ሲያድግ ሕዋሶቹ ዓይን፣ ልብ፣ አጥንት እየሆኑ የሚለያዩት እንዲህ ባለ መክፈትና መዝጋት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ማህፀን ውስጥ ሳለን ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበት ልዩ ሄሞግሎቢን አለው። ከተወለድን በኋላ ፕሮቲኖቹ ያንን ገጽ ቀስ በቀስ ይዘጉትና የአዋቂው ሄሞግሎቢን ይተካል። ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ግን የአዋቂው ሄሞግሎቢን የተበላሸ ስለሆነ ቀይ የደም ሕዋሶቹ እንደ ማጭድ እየቆለመሙ ከባድ ሕመም ያመጡበታል። ሐኪሞች የሰውየውን የራሱን የደም መፍለቂያ ሕዋሳት ወስደው ዘጊውን ፕሮቲን ሲያዳክሙት፣ የሕፃንነቱ ገጽ እንደገና ይከፈታል። ይህን ሕክምና በ2023 ከዓለም መጀመሪያ የፈቀደችው ብሪታንያ ናት። መዝገቡ ምን እንደሚመስል ባይታወቅ ኖሮ እዚህ አይደረስም ነበር።

በ2020፣ በተወለደች በ100ኛ ዓመቷ፣ ስለ ፎቶ 51 የ50 ፔንስ ሳንቲም ተሠርቶላታል። ቼልሲ ድሬተን ጋርደንስ በሚገኘው መኖሪያዋም ላይ ሰማያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ከወላጆቻችሁ ጋር ሄዳችሁ እዩት።

ለሚቀጥለው ሳምንት፦ የሌላ ሰው ሥራ ስንጠቀም የባለቤቱን ስም መጥራት ለምን ያስፈልጋል? በአምስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ። መልካም ሳምንት!