የታካች ግራ እጅ

ኦሊምፒክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሩጫ ነው። የሽጉጥ ተኩስ ውድድር መኖሩን እንኳ የማናውቅ አንጠፋም። እኔም ብሆን ስለ ሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካች እስካነብ ድረስ ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ታካች እ.ኤ.አ. በ1910 በቡዳፔስት ተወለደ። በአገሩ ሠራዊት በሳጅንነት ሲያገለግል በሽጉጥ ተኩስ ስሙ መነሣት ጀመረ። ነገር ግን ለ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ሳይመረጥ ቀረ። ችሎታ አንሶት አይደለም፤ በጊዜው ደንብ ከሠራዊቱ የሚሰለፉት መኮንኖች ብቻ ስለነበሩ ነው። በኋላ ደንቡ ሲነሣ ዓይኑን 1940 ላይ ጣለ።

በ1938 ግን በወታደራዊ ልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁ ላይ ፈነዳ። የሚተኩሰው በዚያው እጁ ነበር። አንድ ወር ሆስፒታል ተኝቶ እንደወጣ ለማንም ሳይናገር በግራ እጁ መለማመድ ያዘ። በ1939 በብሔራዊ ሻምፒዮናው ላይ ብቅ ሲል ጓደኞቹ ሊመለከት የመጣ መሰላቸው። እሱ ግን ተወዳድሮ አሸነፈ።

ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ከዚህ ዘሎ በቀጥታ ወርቁ ላይ ይደርሳል። እኔን የገረመኝ ግን የተዘለለው ነው። ጦርነቱ የ1940ንም የ1944ንም ኦሊምፒክ አሰረዘ። ታካች ለንደን የደረሰው በ1948 ማለትም በ38 ዓመቱ ነው።

የተወዳደረበት የ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ ቀልድ አይደለም። በዚያ ዘመን አምስት ዒላማዎች በአንድ ጊዜ ይዞሩ ነበር፤ ተኳሹ በየዒላማው አንድ አንድ ጥይት መተኮስ ነበረበት። መጀመሪያ 8 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 6፣ በመጨረሻ 4 ሰከንድ ብቻ ይሰጠው ነበር። በጠቅላላው 60 ጥይት ይተኮስ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አርጀንቲናዊ ሳኤንዝ ቫሊዬንቴ ከውድድሩ በፊት ለምን እንደመጣ ቢጠይቀው ልማር ብዬ ነው ብሎ መለሰለት ይባላል። ከዚያ ከ600 ነጥብ 580 አምጥቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ አርጀንቲናዊው በ571 ሁለተኛ ሆነ። ታካች በቂ ትምህርት እንዳገኘ የመሰከረለትም እሱው ነው አሉ።

በ1952 በሄልሲንኪ የአገሩን ልጅ ሲላርድ ኩንን በአንድ ነጥብ ብቻ በልጦ በ579 ወርቁን ደገመ። በዚህ ውድድር ሁለት ጊዜ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1956 በሜልቦርን ስምንተኛ ወጣ። ኋላም አሠልጣኝ ሆኖ ሠራ። በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዐረፈ።

ዛሬ ስሙ ሲነሣ የጽናት ምሳሌ እየተባለ ነው። እውነት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ቦምቡ አደጋ ነው፣ ጦርነቱም ከእሱ አቅም በላይ ነበር። በርሊንን የነጠቀው ግን ሰው ያወጣው የማዕረግ ደንብ ነው። ታካች ሁለት እጅ እያለው ኦሊምፒክ ላይ ተኩሶ አያውቅም። እሱን በጽናቱ ስናደንቅ፣ እንዲህ ባለ ደንብ ምክንያት በር ላይ የቀሩትን፣ ስማቸውንም ያልሰማነውን ብናስብ ጥሩ ይመስለኛል።