ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በክፉ ቀን፦ የኢኮኖሚ ቀውስና ያልተመዘገበው ሞት

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ተወለዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ ተማርከው ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ እስኪያመልጡም በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አደጉ፣ ልጃቸውንም አገቡ። ያሳደጓቸው ንጉሥ በ1860 ዓ.ም. የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ፤ ድርጊቱም በጀግንነት ሲወሳ ኖረ።

ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ምኒልክ የገጠማቸው ሞት ወሳሽ ያላገኘ ነበር። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ አብዛኛውን ከብት ፈጀ። በሬ የገበሬው ዋና ሀብት ነበርና እርሻ ቆመ፤ የእህል ዋጋ ናረ። ዘውድ የጫኑት በዚሁ መካከል፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ከሕዝቡ ሲሦው እንዳለቀ ተደጋግሞ ይነገራል፤ በቆጠራ ግን የተደገፈ አይደለም። ልጅን መሸጥ፣ ራስን ለባርነት መስጠት፣ ራስን ማጥፋትም በዘመኑ ከተወሱት የተስፋ መቁረጥ ምልክቶች ናቸው።

ምኒልክ ጎተራ ከማስከፈት አልፈው ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲከተሉ አደረጉ። በሬ ለሌለው ገበሬ እጁ ገና መሣሪያ መሆኑን ማሳየት ከእርዳታው ያልተናነሰ ትርጉም ነበረው። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናት ለሞት የሚገፋው ድህነቱ ራሱ ሳይሆን የኑሮ ሥርዓት በድንገት መናጋቱ ነው ሲል ተከራክሯል። የዶማው ታሪክ በዚህ መነጽር ሲታይ የሥርዓት ጥገና ይመስላል፤ ስንቱን ከሞት እንዳተረፈ ግን የሚለካበት መንገድ የለም።

የማይለካበት አንዱ ምክንያት ዝምታው ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህ ቤተሰብ ሞቱን በበሽታ ያመካኛል። የንጉሥ ሞት ታሪክ ሲሆን የገበሬው ሞት ከረኃቡ ጋር ተደምሮ ይቀራል። የምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የዛሬው የአዲስ ከተማ መርካቶ ሆነ። በዚያ ኪሳራ በነጋዴ አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን የሚያጠና ተመራማሪም ከዕድርና ከዕቁብ መዝገብ የሚያገኘው የመዋጮና የዕጣ ሒሳብ እንጂ የሞት ምክንያት አይደለም።

ምኒልክ ከዐድዋ ድል በኋላ ለዓመታት ገዝተው በስትሮክ ሽባ ሆኑ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ቤተ መንግሥቱ ሞታቸውን ለሕዝብ ሳያስታውቅ ደብቆ አቆየው።