ዊልያም ቢብ፦ ባሕርን በመስኮት ያየ ሰው

ዛሬ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ለጉብኝት የሚሄድ መንገደኛ የጉዞ ዋጋውን ከፍሎ በትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ሊሳፈር ይችላል። መርከቡ ቀስ እያለ ሠላሳ ወይም አርባ ሜትር ያህል ይጠልቃል። ተሳፋሪውም ልብሱ ሳይርስና ትንፋሹ ሳያጥረው፣ በወፍራም መስኮት አሻግሮ የሞቃት ባሕር ዓሦችን በየመንጋቸው ሲያልፉ ይመለከታል። ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያም ተሳፋሪው ወጥቶ ምሳውን ይበላል። እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ዕድል ይገጥማችሁ ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ የባሕርን ፍጥረት በገዛ ቤቱ ማየት ቀላል ነገር ያልነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ይህን ለማየት ሕይወታቸውን ለአደጋ ካጋለጡት ሰዎች መካከል አንዱ ዊልያም ቢብ ነው።

ቻርልስ ዊልያም ቢብ እ.ኤ.አ. በ1877 በአሜሪካ፣ ዛሬ የኒው ዮርክ ከተማ ክፍል በሆነችው በብሩክሊን ተወለደ። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከልጅነቱ ጀምሮ ወፎችንና ነፍሳትን መመልከትና መሰብሰብ ይወድ ነበር። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ዓመታት ከተማረ በኋላ ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ፤ በ1899ም አዲስ በተከፈተው የኒው ዮርክ መካነ አራዊት የወፎች ክፍል ሥራ ያዘ። ዲግሪ አለመቀበሉን አስታውሱት፤ ኋላ የሚነቅፉት ሊቃውንት አልረሱትም።

በዚያ ዘመን የአንድ የተፈጥሮ ተመራማሪ ዋና መሣሪያ ጠመንጃ ነበር። ወፉ ይገደላል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፣ በእግሩም ላይ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ይታሰራል። ቢብም እንደሌሎቹ ይህን ሥራ ሠርቷል። ከ1909 ጀምሮ ፌዛንት የተባሉትን የዶሮ ወገን የሆኑ ውብ ወፎች ለማጥናት በእስያ አገሮች አሥራ ሰባት ወር ያህል ዞረ፤ ስለ እነርሱም በአራት ቅጽ የወጣ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ነገር ግን ውሎ ሲያድር በመሳቢያ ውስጥ ከተደረደረ ደረቅ ቆዳ ይልቅ፣ በቅርንጫፍ ላይ ሆኖ የሚጮኸውና ጎጆውን የሚሠራው ወፍ ይበልጥ ያስተምራል የሚል እምነት አደረበት። ስለዚህ በ1916 በብሪቲሽ ጊያና፣ በዛሬዋ ጋያና፣ ደን ውስጥ የምርምር ጣቢያ አቋቋመ። እዚያም አገር ምድሩን ከመዞር ይልቅ አንዲት ትንሽ የደን ክፍል መርጦ፣ በውስጧ የሚኖረውን ፍጥረት ሁሉ ከነአኗኗሩ ማጥናት ጀመረ። ይህም ለጊዜው አዲስ አሠራር ነበር።

ወደ ባሕር የሳበውም ይኸው አሳብ ነው። በ1925 አርክቱረስ በተባለች መርከብ ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች በተደረገው ጉዞ ላይ ቢብ የመዳብ ቁር አጥልቆ ከውኃ በታች መውረድ ጀመረ። ቁሩ በትከሻ ላይ የሚያርፍ፣ ከፊት ለፊቱ መስተዋት ያለው ከባድ ዕቃ ነው። ከላይ በጀልባ ያሉ ሰዎች በእጅ በሚገፋ መንፊያ አየር ይነፉለታል፤ አየሩም በጎማ ቱቦ ወደ ቁሩ ይገባል። ጠላቂው ከአንገቱ በታች እርጥብ ነው፤ ራሱ ግን በአየር ውስጥ ነው። በ1927 በሃይቲ፣ በፖርት ኦ ፕሪንስ ባሕረ ሰላጤ፣ ቢብና ጓደኞቹ በዚህ ቁር ደጋግመው ጠለቁ።

እዚያ ያዩትን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ኮራል ከሩቅ ሲታይ ድንጋይ ወይም ዛፍ ይመስላል፤ ግን ድንጋይም ዛፍም አይደለም። እጅግ ትናንሽ እንስሳት ተጣብቀው እየኖሩ፣ ከገላቸው በሚወጣ ኖራ መሰል ነገር የሚሠሩት ሕንፃ ነው። አንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ ይቀናጠባል፤ ሌላው እንደ ሰው አንጎል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በየስንጥቁ ዓሦች ይገቡበታል፤ ይወጡበታል። በጠንካራ አፉ ኮራሉን እየፋቀ የሚበላ ዓሣ አለ፤ የሌሎችን ዓሦች ገላ እየለቀመ የሚያጸዳ ትንሽ ዓሣም አለ። ቢብ ይህን ሁሉ በዚንክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ወረቀት በውኃ ውስጥ አያገለግልምና። በኋላም ኤልሰ ቦስትልማን የተባለችው ሠዓሊ ቁር አጥልቃ ወርዳ በውኃ ውስጥ በዘይት ቀለም ሥዕል ሥላለች። እንዲህ ያለ ሥራ መቻሉ እኔን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ሆኖም ቁሩ ወሰን ነበረው። በሐይቅ ወይም በጥልቅ ወንዝ ጠልቃችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ውኃው ጆሮአችሁን እንዴት እንደሚጫነው ታውቃላችሁ። በየአሥር ሜትሩ የውኃው ግፊት፣ በምድር ላይ ከሚጫነን ከባቢ አየር ጋር የሚተካከል ሌላ ግፊት ይጨምራል። ቁሩ ይህን አይከላከልም፤ በውስጡ ያለው አየር ራሱ በውኃው ልክ የተጨመቀ ነውና። ስለዚህ ቢብ ከሃያ ሜትር ገደማ አልፎ ለመውረድ አልደፈረም። ከዚያ በታች ያለውን ፍጥረት የሚያውቀው በመረብ ነበር።

በ1928 ቤርሙዳን ጎበኘ፤ ከዚያም ወዲህ በደሴቶቹ መካከል ነንሰች የተባለችውን ትንሽ ደሴት የሥራው ጣቢያ አደረጋት። ቤርሙዳ ከሐሩር ክልል በስተ ሰሜን ትገኛለች፤ ነገር ግን ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ጅረት ስለሚያልፍባት ኮራልና የሞቃት ባሕር ዓሦች አሏት። ከዳርቻዋ ጥቂት ራቅ ሲሉ ደግሞ ባሕሩ በድንገት ይጠልቃል። ቢብ በዚያ አካባቢ መረቡን ደጋግሞ ጣለ። የሚወጡለት ግን የሞቱ ወይም ሊሞቱ የተቃረቡ፣ ቀለማቸው የጠፋ፣ ሰውነታቸው የተቀደደ ፍጥረቶች ነበሩ። ሲዋኙ ምን እንደሚመስሉ፣ ብቻቸውን ይሁን በመንጋ እንደሚሄዱ፣ ብርሃናቸውን መቼ እንደሚያበሩ መረቡ አይነግረውም። በደን ውስጥ ትቶት የመጣው የደረቀ ቆዳ ነገር በባሕር እንደገና ገጠመው።

ወደ ጥልቁ ለመውረድ ማቀዱን ጋዜጦች ሲያወሩ ብዙ ሰዎች የመሣሪያ ንድፍ ላኩለት፤ አንዱም አልረባውም። ኦቲስ ባርተን የተባለ ሀብታም ወጣት ግን ከውርስ ባገኘው ገንዘብ ራሱ ሊያሠራው የሚችለውን ንድፍ ይዞ መጣ። ንድፉ እጅግ ቀላል ነበር፤ የአረብ ብረት ሉል። ሉል የሆነበትም ምክንያት ግፊቱን በሁሉም ወገን እኩል ስለሚከፋፍለው ነው። መጀመሪያ የተሠራው አምስት ቶን ያህል ስለ ከበደና የመርከቡ መዘውር ሊያነሣው ስላልቻለ፣ ቀልጦ እንደገና ተሠራ። ሁለተኛው ከሁለት ቶን ጥቂት የሚበልጥ፣ የግድግዳው ውፍረት አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የውስጡ ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ነበር። ስሙንም ባቲስፌር አሉት፤ የጥልቅ ሉል ማለት ነው። መስኮቶቹ ከኳርትዝ የተሠሩ ነበሩ። በሩ 180 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከውጭም በአሥር ብሎኖች ይታሠራል። በውስጥ ያለ ሰው ሊከፍተው አይችልም። ሉሉ የራሱ ሞተር የለውም፤ በአንድ የብረት ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወርድና የሚወጣ ዕቃ ነው። ገመዱ ቢበጠስ የሚያወጣው አንዳች ኃይል አልነበረም።

አየሩም መዘጋጀት ነበረበት። ኦክሲጅን ከጋን ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ከትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና እርጥበት የሚመጡ ኬሚካሎች በሰሐን ላይ ይደረጋሉ፤ ሰዎቹም በዘንባባ ቅጠል ማራገቢያ አየሩን ያንቀሳቅሳሉ። ከቁሩ የሚለየው ዋና ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። በሉሉ ውስጥ ያለው አየር ከላይ በመርከቡ ላይ እንዳለው ነው፤ የውኃውን ክብደት የሚሸከመው ብረቱ እንጂ የሰው ገላ አይደለም። ዛሬ ጎብኚዎችን የሚያወርዱት ሰርጓጅ መርከቦች የሚሠሩት በዚሁ መሠረታዊ አሳብ ነው።

ሰኔ 6 ቀን 1930 ቢብና ባርተን በጠባቡ በር እየተሳቡ ገቡ፤ ሁለቱም ቀጫጭኖች መሆናቸው ጠቀማቸው። መቶ ሜትር ያህል እንደ ወረዱ በበሩ ሥር ውኃ ሲንጠባጠብ አዩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቢብ አውጡን አላለም፤ ይልቁንም በፍጥነት አውርዱን ብሎ በስልክ አዘዘ። ግፊቱ በጨመረ መጠን በሩ ይበልጥ እንደሚጠብቅ አስቦ ነበርና። እንዳሰበውም ፍሳሹ አልጨመረም። በዚያ ቀን 245 ሜትር ደረሱ፤ ከዚያ በፊት ማንም ሰው በሕይወት ሳለ ያልደረሰበት ጥልቀት ነው። ከአምስት ቀን በኋላም 435 ሜትር ወረዱ።

ቢብ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተዋለው ቀለምን ነው። ገና ብዙ ሳይወርዱ ቀይ ቀለም ጠፋ፤ ብርቱካናማና ቢጫ ተከተሉት፤ ከዚያም አረንጓዴው ደበዘዘ። በመጨረሻ የቀረው ሰማያዊ ብቻ ነበር፤ ይህም ዓይን እንጂ ቃል የማይደርስበት ዓይነት ሰማያዊ ሆነበት። ምክንያቱ ውኃ ቀዩን የብርሃን ክፍል ቶሎ ስለሚውጠውና ሰማያዊውን ርቆ ስለሚያሳልፈው ነው። በጎብኚዎች መርከብ ውስጥም ቀይ ልብስ የለበሰ ሰው ልብሱ ጠቁሮ ቢያየው ሊደነቅ አይገባውም። ከሰማያዊው በታች ጨለማ መጣ። በጨለማውም ውስጥ መብራቶች ታዩ፤ ብርሃናቸውን ከገዛ ገላቸው የሚያወጡ ዓሦችና ሌሎች ፍጥረቶች ነበሩ። ቢብ ያየውን ወዲያው በስልክ ይናገራል፤ ግሎሪያ ሆሊስተር የተባለችው ባልደረባው ከላይ ሆና ቃል በቃል ትጽፋለች። እርሷም ራሷ በባቲስፌሩ ወርዳ በ1934 368 ሜትር ደርሳለች።

አደጋው ግን ቀልድ አልነበረም። በ1932 ሉሉን ሰው ሳይገባበት ለሙከራ ሲያወርዱት በአንድ መስኮት ውኃ ገብቶበት ሞልቶ ወጣ። ብሎኑን መፍታት ሲጀምሩ በውስጡ የታመቀው ግፊት ብሎኑን እንደ መድፍ ጥይት በመርከቡ ላይ ወረወረው፤ ውኃውም ተከትሎ ተፈነጠረ። ሰው ቢኖርበት ኖሮ አንዱም አይተርፍም ነበር። ቢሆንም መስከረም 22 ቀን በዚያው ዓመት ሁለቱ ሰዎች 671 ሜትር ወረዱ፤ የቢብም ድምፅ በራዲዮ ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ሕዝብ ተሰማ። ባሕሩ ይናወጥ ስለ ነበር ባርተንን በጠባቧ ሉል ውስጥ ማቅለሽለሽ ይዞት ነበር፤ ይህ ጉዳይ በሚያምሩት ሥዕሎች ላይ አይታይም። ነሐሴ 15 ቀን 1934 ደግሞ 923 ሜትር ደረሱ። በዚያ ጥልቀት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ላይ ከ90 ኪሎ ግራም በላይ ይጫናል። በመዘውሩ ላይ የቀረው ገመድ ጥቂት ዙር ብቻ ስለ ነበር ወዲያው መመለስ ግድ ሆነ። ይህን ጥልቀት እስከ 1949 ድረስ የበለጠው አልነበረም፤ በዚያ ዓመት የበለጠውም ባርተን ራሱ ነው።

ክብሩ ሲሰማ ነቀፌታውም መጣ። ቢብ ከመስኮቱ ካያቸው መካከል ከዚያ በፊት ማንም ያላወቃቸውን ጥቂት ዓሦች ሳይንሳዊ ስም ሰጣቸው። አንደኛው ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በጎኑ ላይ የብርሃን መስመር የተዘረጋ ዓሣ ነበር። በሳይንስ ሕግ ግን አዲስ ፍጥረት የሚሰየመው በእጅ ተይዞ፣ ተመርምሮ፣ በመዘክር ሲቀመጥ ነው። ቢብ የነበረው የዓይኑ ምስክርነት ብቻ ነው። ካርል ሐብስ የተባለው የዓሣ ሊቅ፣ ምናልባት ቢብ ያየው ራሱ ተንፍሶ ባደበዘዘው መስተዋት በኩል የታዩ የሚያበሩ ልፍስፍስ ፍጥረቶችን ይሆናል ብሎ ጻፈ። ትችቱ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ፍትሕ የጎደለው አልነበረም። በአንጻሩ ደግሞ ቢብ ዕድሜ ልኩን ፍጥረትን የመረመረ ሰው ነበር፤ የሚያየውንም በዚያው ቅጽበት በስልክ ያስመዘግብ ነበር። እንግዲህ የታመነ ሰው ዓይን ስንት ያህል ይመዝናል? ይህን ጥያቄ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።

ቢብ ከ1934 በኋላ ወደ ጥልቁ አልተመለሰም። በ1940ዎቹ በቬኔዝዌላ ደን ውስጥ ሠራ፤ ኋላም በትሪኒዳድ ደሴት ሲምላ በተባለ ስፍራ የምርምር ጣቢያ አቁሞ እዚያው ኖረ። ሰኔ 4 ቀን 1962 በሰማንያ አራት ዓመቱ በዚያው ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ፒካር ለጎብኚዎች የተሠራ ሰርጓጅ መርከብ በጄኔቫ ሐይቅ ላይ አሰማርቶ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሰዎችን ከውኃ በታች አሳየ፤ በ1980ዎቹም እንዲህ ያሉ መርከቦች በካሪቢያን ባሕር ኮራል መካከል መመላለስ ጀመሩ። ቢብ በመስኮቱ አይቶ ስም የሰጣቸው እነዚያ ዓሦች ግን በቦስትልማን ሥዕል ላይ ብቻ ይገኛሉ፤ እስከ ዛሬ በማንም መረብ አልተያዙም።