ቅዱስ አልበርት ታላቁ፤ ከጥያቄ ያልሸሸ እምነት

ዕውቀትን መናቅ በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ የትሕትናን ልብስ ለብሶ፣ አንዳንድ ጊዜም የሃይማኖት ጠበቃ መስሎ ይቀርባል። ብዙ መጠየቅ እምነትን ያደክማል የሚለው አነጋገር አልፎ አልፎ በመካከላችንም ይሰማል። ስለዚህ ይህን አስተሳሰብ በብርቱ የተቃወመውን የቅዱስ አልበርት ታላቁን ሕይወት ባጭሩ እናስታውሳለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልበርት በ1200 ገደማ በደቡብ ጀርመን፣ በዳኑብ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በላውይንገን ከተማ ተወለደ። በኢጣሊያ አገር በፓዱዋ ሲማር ሳለ የዮርዳኖስ ዘሳክሶኒያን ስብከት ሰምቶ የዶሚኒካውያን ማኅበር አባል ሆነ። ማኅበሩ ለስብከት የተመሠረተ ስለ ነበረ ትምህርትን አጥብቆ ይወድድ ነበር። ይሁን እንጂ በ1228 የተደነገገው ሕጉ ወንድሞች የአረማውያንን ፈላስፎች መጻሕፍት ለጊዜው ከመመልከት አልፈው እንዳያጠኑ ያዝዝ ነበር። በፓሪስም የአርስጣጣሊስ የተፈጥሮ መጻሕፍት በጉባኤ እንዳይነበቡ በ1210 እና በ1215 ተከልክሎ ነበር። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዓለም መጀመሪያ የላትም የሚለውን የመሰለ ትምህርት ከእምነት ጋር ይጋጭ ነበርና።

አልበርት ግን ከዚህ ፍርሃት የሚያወጣው መሸሽ ሳይሆን መመርመር መሆኑን ተረዳ። በ1245 በፓሪስ የነገረ መለኮት መምህር ሆነ፤ በ1248 ደግሞ በኮሎኝ የማኅበሩን ከፍተኛ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ጓደኞቹ በዝምታው ምክንያት ዲዳ በሬ እያሉ ያፌዙበት የነበረውን ቶማስ አኲናስን ያስተማረው፣ የዚህም ዝምተኛ ድምፅ አንድ ቀን በዓለም ሁሉ እንደሚሰማ አስቀድሞ የተናገረው እርሱ እንደ ሆነ ይተረካል። ወንድሞቹ በለመኑት ጊዜም የአርስጣጣሊስን ፍልስፍና በሙሉ ለላቲን አንባቢ ለማስረዳት ተነሣ። ለዚህም ሥራ ከሙስሊሞቹ ከኢብን ሲናና ከኢብን ሩሽድ፣ ከአይሁዳዊውም ከሙሴ ማይሞኒደስ ለመማር አላፈረም። ሆኖም አርስጣጣሊስን እንደ አምላክ አላየውም፤ ሰው ነውና እንደ ማናችንም ሊሳሳት ይችላል ብሎ ያምን ነበር።

በ1254 የጀርመን አውራጃ አለቃ ሆኖ ገዳማቱን በእግሩ እየዞረ ጎበኘ። ለዕፀዋት፣ ለእንስሳትና ለማዕድናት የነበረው ትኩረት በመጻሕፍቱ ይታያል፤ ስለ እንስሳት ብቻ 26 መጻሕፍት ጽፏል። ሰጎን ብረት ትበላለች የሚለውን የቆየ ወሬ እንኳ ዝም ብሎ አልተቀበለም። ለሰጎኖች ብረት ጥሎላቸው እንዳልነኩት፣ የተሰባበረ አጥንትና ጠጠር ግን እንደ በሉ መዝግቧል። የሰማውን ማረጋገጥ የፈጣሪን ሥራ ማክበር ነበረ እንጂ ጥርጥር አልነበረም።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የመጣው ከገዛ ወንድሞቹ ነው። ፍልስፍናን የሚያንቋሽሹ ሰባኪዎች በማኅበሩ ውስጥ ነበሩ። አልበርት የማያውቁትን የሚሰድቡትን አእምሮ ከሌላቸው እንስሳት ጋር አመሳስሎ በጽኑ ገሠጻቸው። በሌላ ስፍራም ሶቅራጥስን የገደሉት፣ ስንፍናቸውን ለመሸፈን የሌላውን ድካም የሚነቅፉ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች መሆናቸውን ጽፏል። ነገር ግን በተግሣጽ ብቻ አልቆመም። በ1259 በቫለንሲየን በተደረገው ጉባኤ ከቶማስና ከሌሎች ሦስት መምህራን ጋር ሆኖ የማኅበሩን የትምህርት ሥርዓት አዘጋጀ፤ ለወንድሞችም የፍልስፍና ትምህርት በር ተከፈተ።

በ1260 የሬገንስቡርግ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ሀገረ ስብከቱን በእግሩ እየዞረ ስለ ጎበኘ ሕዝቡ በሻካራ ጫማው ስም ያወጣለት ነበር። በ1262 ሹመቱን ትቶ ወደ ማስተማርና ወደ መስበክ ተመለሰ፤ በኖቬምበር 15 ቀን 1280 በኮሎኝ አረፈ። ያልተማረው ሕዝብ ዕውቀቱን ከአስማት ቆጥሮበት ስለ እርሱ ብዙ ተረት አወራ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1931 ቅዱስና የቤተ ክርስቲያን ሊቅ መሆኑን አወጁ፤ ፒዮስ 12ኛም በ1941 የተፈጥሮ ሳይንስ ተመራማሪዎች ጠባቂ አደረጉት።

እንግዲህ ውድ ምእመናን፣ በተለይም እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ አንድ ወጣት ስለ ዓለም አፈጣጠር ወይም በትምህርት ቤት ስለ ተማረው ነገር ሲጠይቀን ምን እንመልስለታለን? ዝም በል ካልነው እምነታችን እውነትን ትፈራለች ብለን እንዳስተማርነው እንወቅ። መልሱን ባናውቀው እንኳ አብረን እንፈልገው ልንለው እንችላለን። አልበርት ጸሎቱን ሳያስታጉል መጽሐፉን ገለጠ፤ መጽሐፉንም ሲገልጥ ከጸሎቱ አልራቀም። እኛም ልጆቻችንን በሁለቱም እናሳድግ።