ስምንት ደቂቃ የቀየረችው ሰማይ፦ የዮሐንስ ኬፕለር ታሪክ

ለዚህ እትም እኔ የመረጥኩላችሁ ሰው ዮሐንስ ኬፕለር ይባላል። ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ እንዴት እንደሚዞሩ ያገኘ ጀርመናዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። የመረጥኩት ግን ሊቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዓይኑ እየደከመ ሰማይን ያጠና፣ ስህተት ሲያይ ደግሞ ትንሽ ናት ብሎ የማያልፍ ሰው ስለነበረ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬፕለር ዲሴምበር 27 ቀን 1571 ቫይል ዴር ሽታት በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ተወለደ። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ደካማ ሕፃን ነበር። በልጅነቱ ፈንጣጣ ያዘው። ከሞት ቢተርፍም በሽታው ዓይኑንና እጆቹን ጎዳበት። አባቱ ለገንዘብ የሚዋጋ ወታደር ነበር፤ አንድ ጊዜ ሄዶ በዚያው ቀረ። እናቱ ካታሪና ከዕፀዋት መድኃኒት የምትቀምም ሴት ነበረች። በ1577 ትልቅ ጅራታም ኮከብ ሲታይ ስድስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ልጇን ከፍ ወዳለ ቦታ ወስዳ አሳየችው።

ቤተሰቡ ድሃ ቢሆንም ጎበዝ ስለነበር በነፃ የትምህርት ዕድል ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ምድር መሃል ላይ ቆማ ፀሐይ ትዞራታለች ብሎ ያምን ነበር። መምህሩ ሚካኤል ሜስትሊን ግን የኮፐርኒከስን ሐሳብ አስተማረው፤ ይኸውም ምድርም ሌሎች ፕላኔቶችም ፀሐይን ይዞራሉ የሚለው ነው። በ1594 ኬፕለር ግራትስ በምትባል ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነ። የሚገርማችሁ፣ በሁለተኛው ዓመት ሒሳብ ሊማርለት የመጣ አንድም ተማሪ አልነበረም!

በ1600 ፕራግ አጠገብ ይሠራ ወደነበረው ወደ ታይኮ ብራሄ ሄደ። ታይኮ ቴሌስኮፕ ሳይኖር፣ በትልልቅ መለኪያዎች የፕላኔቶችን ቦታ ከ20 ዓመት በላይ የመዘገበ የዴንማርክ ሰው ነው። በዓመቱ ታይኮ ሲሞት መዝገቡ በኬፕለር እጅ ገባ። ዓይኑ ለደከመ ሰው ይህ የሌላ ሰው ዓይን እንደ መዋስ ነበር።

ኬፕለር የማርስን መንገድ ለማወቅ ዓመታት ሒሳብ ሠራ። እንደ ጥንት ሊቃውንት መንገዱ ክብ ነው ብሎ ጀመረ። ስሌቱ ከታይኮ መዝገብ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው፤ ልዩነቱ 8 ደቂቃ ብቻ ነበር። ይህ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፣ የማዕዘን ነው። አንድ ዲግሪ ለ60 ሲከፈል አንዱ ክፋይ ደቂቃ ይባላል። ስለዚህ 8 ደቂቃ ማለት ሙሉ ጨረቃ ሰማይ ላይ ከምትታየን ስፋት ሩብ ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ታይኮ ሲለካ ተሳስቶ ይሆናል ብሎ ያልፈው ነበር። ኬፕለር ግን ታይኮ ይህን ያህል እንደማይሳሳት ያውቃል። ስለዚህ ያን ሁሉ የደከመበትን ስሌት ተወና እንደ አዲስ ጀመረ። በመጨረሻም መንገዱ ክብ ሳይሆን ኤሊፕስ የሚባለው ሞላላ ቅርጽ መሆኑን አገኘ።

እናንተም ልትስሉት ትችላላችሁ። ካርቶን ላይ ሁለት ስፒል አቀራርባችሁ ስኩ። ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ ክር ላላ አድርጋችሁ አጥልቁባቸው፤ ከዚያ ክሩን በእርሳስ ወጥራችሁ ዙሩ። የምታገኙት ቅርጽ ኤሊፕስ ነው። ፀሐይ የምትገኘው በአንደኛው ስፒል ቦታ ነው።

በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንንና ፕላኔት ወደ ፀሐይ ሲቀርብ እንደሚፈጥን፣ ሲርቅ እንደሚዘገይ ገለጸ። በ1619 ደግሞ የፕላኔቱን ርቀትና ዙሩን የሚጨርስበትን ጊዜ የሚያገናኝ ሕግ አወጣ። ምድር በ365 ቀን ትዞራለች፤ ማርስ በ687 ቀን። ማርስ ላይ ብንኖር ልደታችንን ስንት ጊዜ ጠብቀን ነበር የምናከብረው!

በዚህ መሃል ከባድ መከራ መጣበት። በ1615 አንዲት ሴት እናቱን መድኃኒት አጠጥታ አሳመመችኝ ብላ ወነጀለቻት፤ ጠንቋይ ናት ተባለ። በዚያ ዘመን ጠንቋይ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ይገደል ነበር። በ1620 ከ70 ዓመት በላይ የሆናት ካታሪና ታሰረች። ኬፕለር ሥራውን ትቶ መጣ። ማርስ ላይ እንዳደረገው ሁሉ የምስክሮችን ቃል አንድ በአንድ መረመረ፤ በሽታዎቹ የተፈጥሮ ምክንያት እንዳላቸው በጽሑፍ አስረዳ። እሷም የማሰቃያ መሣሪያ እያሳዩ ሲያስፈራሯት ያልሠራችውን ሠራሁ አላለችም። ከ14 ወር እስር በኋላ በ1621 ተለቀቀች፤ በዓመቱ ግን አረፈች።

ኬፕለር ኖቬምበር 15 ቀን 1630 በሬገንስበርግ ከተማ በ58 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ በጦርነት ስለፈረሰ ዛሬ የለም። ሒሳቡ ግን አልጠፋም። በሞተ በዓመቱ፣ አስቀድሞ እንዳሰላው ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ፓሪስ ውስጥ ታየች። በ1687 ኒውተን የስበትን ሕግ ሲያስረዳ የኬፕለር ሕጎች ጠቀሙት። በ2009 የመጠቀው ኬፕለር ቴሌስኮፕም በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶችን አግኝቷል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ያቺ 8 ደቂቃ ተደብቃ ቢሆን ኖሮ የማርስ መንገድ ክብ እንደተባለ ይቀር ነበር። እናቱም ላይ የተወራው ሳይመረመር ቢታለፍ ኖሮ ትሞት ነበር። ስለዚህ ሒሳባችሁ ለጥቂት ካልገጠመ ቶሎ አትሰርዙት፤ ለምን አልገጠመም ብላችሁ መምህራችሁን ጠይቁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!